ምዕራፍ ሰባት፦ ስድስት ጎራሽ፣ አምስት ጥይት

የአክስቴ ልጅ በገና ሰሞን ከቨርጂኒያ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ሽጉጥ አልነበረም። ሽጉጡ እዚያው ቤቱ፣ በተቆለፈ የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። ይዞ የመጣው ሁለት ወረቀት ነው። በሁለቱም ላይ ክብ በክብ የተሰመረ ኢላማ አለ፤ በኢላማዎቹ ላይ ደግሞ አምስት አምስት ቀዳዳ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ሻምበል ቡና ተጠርተው አብረውን ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቶቹን ቀረብ ብለው አዩ። የጠየቁት ግን ስለ ቀዳዳዎቹ አልነበረም።

«ስንት ይጎርሳል?» አሉት።

«ስድስት፣ ሻምበል።»

«ታዲያ አምስተኛው ላይ ለምን ቆምክ? ጥይት አለቀብህ?»

«አይ፣ ስድስተኛው አይሞላም። ሕጉ እንደዚያ ነው።»

ሻምበል ወረቀቱን አስቀምጠው ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። እኔም ይህን ምዕራፍ ለመጻፍ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ስድስት ለሚጎርስ ሽጉጥ ገንዘብ ከፍሎ አምስት ብቻ የሚያጎርስ ሰው ምን እንደገዛ ማስረዳት ይገባል።

የገዛው አምሳያ ነው። የጥንቱን ዕቃ መልኩንም ውስጡንም ተከትሎ ዛሬ የተሠራ፣ እውነተኛ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ። የጥንቱ ዕቃ የኮልት ፋብሪካ ሠርቶት የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 ለፈረሰኞቹ የመረጠው ሪቮልቨር ነው። የካውቦይ ፊልም ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እጀታው ወደ ታች ቆልመም ያለ፣ መካከሉ ላይ ጥይት የሚጎርስ ከበሮ መሳይ ብረት (ጎራሹ) ያለው፣ ከኋላው መዶሻው እንደ ፍየል ቀንድ ብቅ ያለ። እጀታውን ገበሬ ቢጨብጠው አይገርመውም። ከዕርፍ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሲተኮስ ከመዳፍ ጋር አይጋጭም፣ ሽቅብ ተንሸራቶ ግፊቱን ይውጠዋል።

ሪቮልቨር ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ቃታውን ስትስቡ መዶሻው ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጎራሹ ይዞራል፣ መዶሻው ተመልሶ ይመታል፤ ይህ ሁሉ በአንድ ስበት። ሁለተኛው፣ ማለትም የእኛው፣ ቃታው አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ተደግኖ የቆመውን መዶሻ መልቀቅ። መዶሻውን ወደ ኋላ የሚስበው የተኳሹ አውራ ጣት ነው፤ ያውም ለእያንዳንዱ ጥይት። ጥይት ማጉረሱም እንደዚያው ነው። በቀኝ ጎኑ ያለችውን ትንሽ በር ከፍቶ አንድ ማስገባት፣ ጎራሹን ማዞር፣ ሌላ ማስገባት። ቀለሁን ማውጣትም እንዲሁ አንድ በአንድ ነው፤ ከአፈሙዙ ሥር ያለችውን ዘንግ እየገፉ።

በጦር መሣሪያ ረገድ ይህ ድክመት ነው፤ ለዚህም ነው ጦር ሠራዊቶች ከመቶ ዓመት በፊት የተዉት። ለኢላማ ተኩስ ግን ይህ ድክመት ነው ዋናው ጥቅሙ። ሰው በየጥይቱ መካከል ማሰብ ይገደዳል። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ በኪራይ ይተኩስበት የነበረው ካዝናው 15 ጥይት የሚይዝ ዘመናዊ ሽጉጥ ነበር። በአሥር ደቂቃ 100 ጥይት ይጨርስና ምን እንደተማረ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚህኛው ግን አንድ ሰዓት ቆይቶ 50 ጥይት ይተኩሳል፤ የእያንዳንዱን ነገር ሊነግራችሁ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው አባባል በጥሬ ትርጉሙ ሲፈጸም ያየሁትም እሱ ሲተርክ ነው። በመጀመሪያው ቀን በጥድፊያ ለማጉረስ ሲሞክር ጥይቶቹን መሬት ላይ ዘርግፎ ተንበርክኮ ለቅሟል።

ይህ ሽጉጥ ከወጣበት ዘመን ጋር እኛም ትውውቅ አለን። አጼ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ የጫኑት ኮልት በጦሩ ከመመረጡ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጉንደትና ጉራ፣ ሁለቱም በ1868 ዓ.ም.፣ የዚሁ ዘመን ጦርነቶች ናቸው። የግብጽ ወታደር ሬሚንግተን የተባለውን የአሜሪካ ጠብመንጃ ታጥቆ ነበር የመጣው። ከአዛዦቹም መካከል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጉ መኮንኖች ነበሩ፤ ዊልያም ሎሪንግ የተባለው ጄኔራል በጉራ ከግብጽ ጦር ከፍተኛ መኮንኖች አንዱ ነበር። ስለዚህ የካውቦይ ዘመን የምንለው ጊዜ ሩቅ አገር ብቻ ያለፈ አይደለም። የዚያው ትውልድ ሰዎችና የዚያው ትውልድ ብረት እስከ እኛ ድረስ መጥተው፣ ጠብመንጃዎቹ እዚሁ ቀርተዋል። ከመቅደላ ዘመቻ ጋር የተዋወቅነው ሰናድር፣ ከፈረንሳይ የመጣው ውጅግራ፣ ኋላም ቤልጅግ፣ እያንዳንዱ ስም የባዕድ ስም በእኛ አፍ ተቃኝቶ ነው።

የአምሳያው ታሪክ ደግሞ ወደ ጣሊያን ይወስደናል። ኮልት ይህን ሽጉጥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ መሥራት አቁሞ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ቴሌቪዥን በአሜሪካ ቤት ሲገባና የካውቦይ ትርዒት ሲበዛ ፈላጊው በድንገት ጨመረ። ኮልት እ.ኤ.አ. በ1956 ሥራውን ቢቀጥልም ዋጋው ለብዙው ሰው አልቀመስ አለ። ክፍተቱን ያዩት በሰሜን ጣሊያን፣ በብሬሻ አካባቢ ያሉ ባለሙያዎች ናቸው። አልዶ ኡቤርቲ እ.ኤ.አ. በ1959 ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በምትባል የሸለቆ ከተማ ፋብሪካውን ከፈተ፤ ፒዬታ የተባለው ቤተሰብም ከእዚያ ሳይርቅ በተመሳሳይ ሥራ ገባ። ዛሬ አሜሪካዊው የአያቴ ዘመን ሽጉጥ ብሎ የሚገዛው አምሳያ በአብዛኛው የእነዚህ የሁለቱ እጅ ሥራ ነው።

ጋርዶኔ የሚለው ስም ለእኛ ባዳ አይደለም። ከ1526 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፈሙዝ ሲሠራ የኖረው ቤሬታ መቀመጫው እዚያው ነው፤ ኡቤርቲንም እ.ኤ.አ. በ2000 ጠቅልሎታል። በአምስቱ የወረራ ዓመታት የፋሺስት መኮንኖች ወገባቸው ላይ የነበረው የ1934 ሞዴል ሽጉጥም የቤሬታ ነው። አርበኞች ከማረኩት መሣሪያ መካከልም ነበረ። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ዝም አለ። የአባቱ አባት አርበኛ ነበሩ። «አላወቅኩም ነበር፤ ባውቅም እገዛው ነበር፤ ግን አውቄ እገዛው ነበር» አለ። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ሰው የሚገዛው ዕቃ ከየት ሸለቆ እንደወጣ ማወቅ አለበት።

ወደ ግዢው ልግባ። አሜሪካ ውስጥ ጥይት የሚጎርስ አምሳያ በሕግ ዓይን አምሳያ አይደለም፤ ሙሉ የጦር መሣሪያ ነው። ገዢው የፌዴራል ፈቃድ ካለው ነጋዴ ፊት ቀርቦ 4473 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል፣ የወንጀል ታሪኩ በዚያው ሰዓት ይጣራል፣ ሽጉጥ ከነጋዴ ለመግዛት የፌዴራሉ ሕግ ያስቀመጠውን 21 ዓመት መሙላት አለበት። ሽጉጡንም የሚረከበው በሚኖርበት ስቴት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሊገዛ ይችላል፤ ለጉብኝት የሄደ ሰው ግን በጥቅሉ አይፈቀድለትም። ወገኖቻችን አጥብቀው ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቅጹ ላይ «ገዢው እኔ ነኝ» ብሎ ፈርሞ፣ በሌላ ሰው ገንዘብ ለሌላ ሰው መግዛት ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። እኛ ዘንድ ለጓደኛ ዕቃ ገዝቶ መስጠት ውለታ ነው፤ እዚያ፣ በዚህ ዕቃ፣ እስር ቤት ያስገባል።

ከጥንቱም ጥንት የሆነ ሌላ አምሳያ አለ፤ ባሩዱና እርሳሱ ከፊት ለየብቻ የሚጎረስ፣ ካፕሱሉ ከኋላ የሚለጠፍ። የፌዴራሉ ሕግ ይህንን እንደ ቅርስ ስለሚያየው ግዢው ይቀላል፤ የየስቴቱ ሕግ ግን ይለያያል። ለጀማሪ አልመክረውም። ባሩድ መስፈር የራሱ ሙያ ነው፤ ከተኩስ በኋላም በዚያው ዕለት በውሃ ታጥቦ ካልደረቀና ዘይት ካልተቀባ ዝገት ይበላዋል።

የጥይት መጠን ላይ ሰው ብዙ ይከራከራል። የጥንቱ .45 ኮልት ነው፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ዋጋውም ከበድ ያለ። የአክስቴ ልጅ የመረጠው .357 ማግነም የሚጎርሰውን ነው፤ በውስጡ ግን የሚተኩሰው .38 ስፔሻል ነው። አጭሩ .38 በረጅሙ .357 ጎራሽ ውስጥ በደንብ ይተኮሳል፤ ግፊቱ ለስላሳ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። የተገላቢጦሹ አይሆንም፤ ለ.38 በተሠራ ሽጉጥ ውስጥ .357 ለማስገባት ማንም መሞከር የለበትም። አፈሙዙ በሦስት ርዝመት ይሠራል፤ 12፣ 14 እና 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ። እኔ ብሆን 14ቱን እወስድ ነበር። ረጅሙ ለማነጣጠር ይመቻል፤ ግን ክንድ ላልጠነከረ ሰው አንድ ኪሎ የሚያልፍ ብረት ወደ ፊት ሲያደላ እጅ ቶሎ ይዝላል።

አሁን ወደ ባንኮኒው። እዚህ ላይ ረጋ ልበል፤ ገንዘብ የሚጠፋውም የሚተርፈውም እዚህ ነው። ለነገሩ ነጋዴ ፊት ቆሞ ብረትን መመርመር ለእኛ አዲስ አይደለም። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ከታጁራ 2 ሺህ ያህል ጠብመንጃ በግመል ጭኖ ሸዋ ሲደርስ፣ ዕቃው ዘመን ያለፈበት ባለ ካፕሱል ነበር። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ይህን አላጡትም። ዋጋውን ዝቅ አድርገው፣ የሞተውን የሸሪኩን የላባቱን ዕዳ ቀንሰው ከፈሉት። ነጋዴው ከሰረ፤ ገዢው የሚገዛውን ያውቅ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ለሻምበል ያሳያቸው እንደሚከተለው ነው። ሽጉጥ ስለሌለ ሲኒና የሻይ ማንኪያ ነው የተጠቀመው። መጀመሪያ ሻጩን ማስፈቀድ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ማዞር፣ የጎን በሯን ከፍቶ ስድስቱንም ቀዳዳ አንድ በአንድ በብርሃን ማየት። ባዶ ነው ብሎ የነገረህን ሰው አለማመን ነውር አይደለም። ከዚያ መዶሻውን በአውራ ጣት፣ በጣም በዝግታ፣ ወደ ኋላ መሳብና ጆሮ መስጠት።

ማንኪያውን በሲኒው ጠርዝ ላይ አራት ጊዜ መታ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

የጥንቱን ውስጠ አካል በትክክል የተከተለ አምሳያ አራት ድምፅ ይሰጣል። በመጀመሪያው መዶሻው ከጥይቱ ጀርባ ለጥቂት ፈቀቅ ይላል። ሁለተኛው ግማሽ መንገድ ነው፤ ያን ጊዜ ጎራሹ እንደ ልብ ይዞራል፣ ጥይት የሚጎረሰውም በዚህ ቦታ ላይ ነው። በሦስተኛው ከሥር ያለችው መቆለፊያ ወደ ጎራሹ ትነሳለች፤ በአራተኛው መዶሻው ሙሉ በሙሉ ይደገናል። ይህ አራተኛው ሲሰማ ጎራሹ ቀድሞ ወይም በዚያው ቅጽበት መቆለፍ አለበት። መዶሻው ተደግኖ ጎራሹ ገና በጣት ሲነካ የሚዞር ከሆነ፣ የጥይቱ ቀዳዳና አፈሙዙ አልገጠሙም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሽጉጥ እርሳሱን እየላጠ ወደ ጎን ይረጫል፤ አጠገብ የቆመን ሰውም ሊያቆስል ይችላል። ሙከራው በአንዱ ቀዳዳ ብቻ አይበቃም፤ ስድስት ጊዜ ይደገማል። አምስቱ ደህና ሆነው ስድስተኛው የሚያጭበረብርበት አለ።

«እንዲህ ማለት ነው» አሉ ሻምበል፣ ማንኪያውን ተቀብለው። በዝግታ አራት ጊዜ መቱ። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ልዩነት እንዲሰማቸው እንደገና መቱ።

ከዚያ ክፍተቱ አለ። በጎራሹ ፊትና በአፈሙዙ ጀርባ መካከል ብርሃን የምታሳልፍ ቀጭን ስንጥቅ መኖር አለባት፤ ከአንድ እስከ ሁለት ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት፣ ማለትም ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር። ከዚህ ከጠበበች ጥላሸቱ ሲጠራቀም ጎራሹ ይታነቃል፤ ከሰፋች ጋዝ ያመልጣል። ቀጥሎ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑ ዳግም ተረጋግጦ፣ ሙሉ በሙሉ የተደገነውን መዶሻ ቃታውን ሳይነኩ ከኋላ በአውራ ጣት ገፋ ማድረግ ነው። መውደቅ የለበትም። ከወደቀ ውስጡ ያለው ጥርስ አልቋል፤ አመስግኖ መመለስ ነው።

ያገለገለ ከሆነ ሁለት ነገር ይመሰክራሉ። አንደኛው በጎራሹ ዙሪያ የተጫረ ቀለበት ነው። መዶሻውን ከግማሽ መንገድ ላይ ወደ ፊት የመለሰ ሰው መቆለፊያዋን ብረት ላይ እያስጎተተ ያን ቀለበት ይሠራል፤ የቀድሞው ባለቤት አያያዙን እንደማያውቅ ይናገራል። ሁለተኛው ብሎኖቹ ናቸው። አሮጌ ቶዮታ ሲገዛ የሞተሩን ብሎኖች ጭንቅላት የሚያይ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጭንቅላቱ የተላጠ ብሎን ልኩ ባልሆነ መፍቻ ተፈትቷል። ውስጡ ያሉት ቅጠል መሰል ስፕሪንጎች ቀጭን ናቸው፤ የማይችል እጅ ከነካቸው አይምሩም። ጣሊያን የተሠራ ከሆነ ደግሞ ጎራሹና አፈሙዙ ላይ የመንግሥት መፈተኛ ማኅተም ይታያል፤ ጋርዶኔ ያለው የመፈተኛ ተቋም ከመጠን በላይ ኃይል ባለው ጥይት ተኩሶበት ሳይፈነዳ ማለፉን የሚመሰክር ነው። ከአጠገቡ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሁለት ፊደላት የተሠራበትን ዓመት ይነግራሉ።

ፊልም ያስተማረንን አንድ ክፉ ነገር ደግሞ ልንቀል። ቃታውን ይዞ መዶሻውን በሌላው እጅ መዳፍ ጠረግ ጠረግ እያደረጉ መተኮስ ኢላማ አይመታም፤ ያን ቀጭን ስፕሪንግና መቆለፊያዋን ግን በአጭር ጊዜ ያበላሻል። ጣት ላይ ማሽከርከርም ለተዋናይ ነው። አንድ ሻጭ ባንኮኒው ላይ ሽጉጥ ሲያሽከረክር ካያችሁ፣ ከእሱ አትግዙ።

አምስቱ ጥይት ጋ ደረስን። በጥንቱ አሠራር የመዶሻው ሹል መርፌ፣ መዶሻው ሲያርፍ በቀጥታ የጥይቱ ካፕሱል ላይ ነው የሚያርፈው። ሽጉጡ ከእጅ ወድቆ መዶሻው መሬት ቢነካ ሊባርቅ ይችላል። የመጀመሪያዋ ቀጭ ለዚህ መከላከያ ተብላ ብትሠራም ጥርሷ ቀጭን ስለሆነች ስትወድቅ ልትሰበር ትችላለች። ስለዚህ ጥንትም አስተዋዩ ሰው፣ ዛሬም የዚህ ስፖርት ውድድር ደንብ፣ መዶሻው ባዶ ቀዳዳ ላይ እንዲያርፍ ነው። አደራረጉ ደግሞ ልክ አለው፤ አንድ ማጉረስ፣ አንድ መዝለል፣ አራት ማጉረስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ደግኖ በእርጋታ ማውረድ። በትክክል ከተቆጠረ መዶሻው ባዶው ላይ ያርፋል። የተሳሳተ ሰው የሞላው ላይ ያርፍበታል፤ ስለዚህ ከጎን ማየትና ማረጋገጥ የግድ ነው። ዛሬ አንዳንድ ፋብሪካዎች ቃታ ካልተሳበ መርፌው ካፕሱሉን እንዳይነካ አድርገው ይሠራሉ፤ ሩገር እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ያደረገው ይህንን ነው። ይህ መልካም ነው፤ ለአዲስ ሰውም እመርጠዋለሁ። ቢሆንም አምስት ማጉረስን የለመደ እጅ ምንም አይከስርም።

እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው የዚህ ሽጉጥ ተኳሾች ማኅበር በአሜሪካ ውድድር ያካሂዳል። ተወዳዳሪው የዘመኑን ልብስ ለብሶ በሁለት እንደዚህ ያሉ ሽጉጦች፣ በአንድ ጠብመንጃና በአንድ የአደን መሣሪያ የብረት ኢላማ ይመታል። ያለ ዓይንና ጆሮ መከላከያ ማንም መስመሩ ላይ መቆም የለበትም። የአክስቴ ልጅ ገና አልተመዘገበም። «ባርኔጣው ላይ ነው የቀረሁት» ብሎናል።

ሻምበል አምስቱን ጥይት ሲሰሙ የተናገሩት ግን ከባርኔጣ ይልቅ ወደ ውስጤ ገባ። «እኛ ስንሠለጥን» አሉ፣ «የተሰጠን ጥይት ተቆጥሮ ነው፤ ቀለሁም ተቆጥሮ ነው የሚመለሰው። አንድ ቀለህ ጠፍቶ ሣር ውስጥ እስከ ማታ ለቅመናል። አባቴ ደግሞ ገበያ ሲሄድ ጥይት ይዞ ነበር የሚሄደው ይባላል፤ ሊተኩስበት አይደለም።» እውነታቸውን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ የውጅግራ ጥይት በብዙ ገበያ ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ሲያገለግል ነበር። አንዲት ጥይት በርበሬ ትገዛለች። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው አንድ ከመተኮሱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል፤ «አልሞ» የሚለው ቃልም ክብሩ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ያ ሽጉጥ አንድ በአንድ እያስጎረሰ ለአክስቴ ልጅ ያስተማረው ነገር ለሻምበል አባት በገበያ ቀን የሚታወቅ ነበር።

ታዲያ ለምን ይዞት አልመጣም? ሰፈር ውስጥ ይህን የጠየቁት ብዙ ናቸው። መልሱ አጭር ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማስገባትን፣ መያዝንና መሸጥን ይከለክላል፤ በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። «አምሳያ ነው፣ የስፖርት ነው፣ የ1873 ሞዴል ነው» የሚለው ጉምሩክ ላይ ወይም ኬላ ላይ መልስ አይሆንም፤ ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ነው፣ አለቀ። በነፋስ የሚተኩሰውን ወይም ጨርሶ የማይተኩሰውንም ቢሆን ሻንጣ ውስጥ ጨምሮ መምጣትን አልመክርም። በቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች ኮንትሮባንድ የተማረረ ፖሊስ በጨለማ የሚያየው ቅርጹን ነው። እኔም እንደ ነዋሪ ብጠየቅ ይኸው እንዲሆን ነው የምፈልገው። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን፣ ልጆቻችን በአንድ ደረጃ እየወጡና እየወረዱ ነው የምንኖረው። የአንዱ ቤት ብረት ቢባርቅ የሌላውን ቤት ግድግዳ አይጠይቅም።

ደግሞ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚታወቀው ሽጉጥ ምን እንደሠራ እናውቃለን። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሏ ለፕላውደን ስለተደረገ ደግነት ምስጋና ይሆን ዘንድ ለአጼ ቴዎድሮስ የላከችው ስጦታ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የንጉሡ ሕይወት ያለፈው በዚያው ሽጉጥ ነው። ሽጉጥን መጫወቻ ብሎ መጥራት ለዚህ ሕዝብ አፍ አይመችም። የአክስቴ ልጅ ኢላማ ተኩስን የሚወደው እንደ ስፖርት ነው፤ ስፖርቱ ግን የሚኖረው ሜዳው፣ ሕጉና የተቆለፈው ሣጥን ባሉበት ነው።

ቡናው ሦስተኛው ሲቀዳ ወደ ወረቀቶቹ ተመለስን። ሁለቱም በአንድ ሽጉጥ፣ ከአንድ ርቀት የተተኮሱ ናቸው። በመጀመሪያው ላይ አምስቱ ቀዳዳዎች ከመሐሉ ክብ ወደ ታች አራት ጣት ያህል ወርደው፣ አንድ ላይ ተጠጋግተው፣ በሲኒ አፍ ይሸፈናሉ። በሁለተኛው ላይ ወደ መሐሉ ከፍ ብለዋል፤ ግን ተበታትነዋል፣ አንዱ እንዲያውም ወደ ግራ ጠርዝ ሄዷል።

«የትኛው ይሻላል?» ብሎ ጠየቃቸው።

ሻምበል ሲኒያቸውን አንስተው በመጀመሪያው ወረቀት ቀዳዳዎች ላይ ደፉት። አምስቱም ተሸፈኑ። «ይኼ» አሉ፣ «ሽጉጡ ነው የሳተው፤ አንተ አልሳትክም። እጅህ አንድ ቦታ ነው የሄደው።» ከዚያ ሲኒውን ወደ ሁለተኛው ወረቀት ወሰዱት፤ ሁለቱን ብቻ ሸፈነ። «ይኼ ግን አንተ ነህ። ምን ሆነህ ነበር?»

ልክ ናቸው። እነዚህ ሽጉጦች ማነጣጠሪያቸው የማይንቀሳቀስ ብረት ነው፤ ፋብሪካው የፊቷን ሆን ብሎ ረዘም አድርጎ ይልካታል። ረጅም ስትሆን ጥይት ወደ ታች ይሄዳል፤ ባለቤቱ ጥይቱን ከመረጠ በኋላ በሞረድ እያሳጠራት ወደ መሐል ያመጣዋል። የተሞረደ ብረት ስለማይመለስ አንድ ሁለቴ ሞርዶ፣ አምስት ተኩሶ፣ አይቶ፣ እንደገና መሞረድ ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን በሦስት ቅዳሜ ጨርሷል። ሁለተኛው ወረቀት የሦስተኛው ቅዳሜ ነው።

«ደስ ብሎኝ ነበር» አለ። «መሐል መድረሱን ሳይ ቸኮልኩ።»

ሻምበል ሲኒውን መልሰው ለቡና አቀረቡት። «የመጀመሪያውን ወረቀት ለእኔ ተውልኝ» አሉ።